ያውቁ ኖሯል? ከባልንጀራ ጋር በጀጎል ውስጥ

በግንብ የታጠሩትን የአውሮፓ ትንንሽ ከተሞች ከጓደኛ ጋር ዞሮ ማየት የብዙ ወጣት ምኞት ሆኗል። ከቪዛው ወረፋ በፊት ሐረርን ያስቀድሙ። ሁለት ሆነው ሲሄዱ መንገድ ላይ የሚያወጉት እንዳያጡ እነሆ፤ ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥንታዊውን የሐረር ከተማ፣ ጀጎልን፣ የሚከበው ግንብ ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ዓለም የሚጎርፍባት የክሮኤሺያዋ ዱብሮቭኒክ ቅጥር 2 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። የሐረሩን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው። የኢማም አሕመድ ባለቤት የነበረችውን ድል ወንበራን ያገቡትም እኚሁ አሚር ናቸው። መቃብራቸው ዛሬም ጀጎል ውስጥ ይጎበኛል።

የጥንቶቹ በሮች 5 ናቸው፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር እና ፈላና በር። መኪና የሚያስገባው ሐረር በር ኋላ የተጨመረ ነው። እርስዎ ግን በሸዋ በር በእግር ይግቡ።

በጀጎል 48 ሄክታር ላይ 82 መስጊዶችና ዝያራ የሚደረግባቸው 102 መካናት እንዳሉስ? ከመስጊዶቹ 3ቱ የ10ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። ዩኔስኮ ጀጎልን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ2006 ነው። መተላለፊያዎቹ አንዳንድ ቦታ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስኬዱም፤ አንዱ ፊት፣ አንዱ ኋላ ሆኖ ነው የሚታለፈው። ከመንገድ ላይ ልጆች አቅጣጫ እየጠየቁ መሄድ ካርታ ከመዘርጋት ይሻላል።

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ጥር 3 ቀን 1855 ሐረር ሲገባ የመጣበትን የአረብ ነጋዴነት ስም ትቶ እንግሊዛዊነቱን በግልጽ ተናገረ። የዘመኑ አሚር ተቀበሉት። በቆየባቸው 10 ቀናት ግን ይለቁኝ ይሆን አይለቁኝ እያለ ሲሠጋ ሰነበተ። ከእርሱ 20 ዓመት በኋላ ግብፆች ከተማዋን ያዙ፤ በ1887 ደግሞ ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ ገቡባት፣ ራስ መኮንንም ገዥ ሆኑ።

ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦስ? ሐረር የመጣው በ1880 ለቡና ንግድ ነው፤ ግጥም መጻፉን ቀድሞ ትቶት ነበር። በ1883 ካሜራ አስመጥቶ የራሱን ምስል ሐረር ላይ አንስቶ ለቤተሰቡ ላከ። በ1891 ጉልበቱ ሲያብጥ ራሱ በነደፈው ቃሬዛ ላይ ተኝቶ፣ በተሸካሚዎች ትከሻ በረሃውን አቋርጦ ዘይላ ደረሰ። ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር 10 ቀን በ37 ዓመቱ አረፈ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ውብ የእንጨት ሰገነት ያለው ቤት ግን የሕንድ ነጋዴ ያሠራው ነው፤ ራምቦ አልኖረበትም። እንዲያም ሆኖ ለጣሪያው ሥዕልና ለቆዩት የከተማዋ ፎቶግራፎች ሲባል መታየት አለበት።

የጅቡቲው ባቡር ሐረርን ለምን እንደዘለላትስ? ተራራው ገደላማ ስለሆነ ሐዲዱ ቆላውን ይዞ ሄደ፤ በ1902 ባቡሩ የደረሰባት መንደር መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብላ ነበር። ድሬዳዋ ናት።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የሐረሪዎች ቤት ነው፤ የሐረር ሰው ጌይ ጋር የሚለው። ጫማ አውልቀው ሲገቡ ከፍታቸው የተለያየ 5 መደቦች፣ ነደባ፣ ይጠብቁዎታል። የአባወራው ለብቻው ነው፤ እንግዳም እንደ ክብሩ ይቀመጣል። ወለሉና የመደቦቹ ጠርዝ ቀይ ነው፤ በጨለንቆ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች የሴቶቹ የእጅ ሥራ የሆኑ የስፌት ሙዳዮችና ሰፌዶች ሞልተውታል። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካዩ እዚያ ቤት ለዐቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። ከእነዚህ ቤቶች አንዳንዶቹ እንግዳ ያሳድራሉ፤ ሆቴል ከመያዝዎ በፊት እነርሱን ይጠይቁ።

ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ማኪና ግርግር መንገድ ሲወርዱ ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን መንገዱ ዳር ደርድረው ይረግጣሉ። ጨርቅ ገዝተው ይስጧቸው፤ ቡና ጠጥተው ሲመለሱ ተሰፍቶ ሊቆይዎ ይችላል።

ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ የሚያበሉትን ሰዎች ሁሉም ያውቃል። ግንቡ ላይ ግን ጅብ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች እንዳሉት ያውቁ ኖሯል? በዐሹራ ቀን ቅቤ የተጨመረበት ገንፎ ለጅቦቹ ይቀርባል፤ ከግማሽ በላይ ከበሉ ዓመቱ መልካም ይሆናል ተብሎ ይታመናል።

የረመዳን ጾም አልቆ ተጨማሪው የ6 ቀን ጾም ሲፈታ የሚከበረው ሹዋሊድ በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ሌሊቱን በዚክርና በከበሮ የሚያነጋ በዓል ነው። ለጉዞዎ ቀን ከመቁረጥዎ በፊት ሹዋሊድ መቼ እንደሚውል ይጠይቁ፤ ከድሬዳዋ ደርሶ መልስ ብለው እንዳይመለሱ፣ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ጀጎል ውስጥ ይደሩ።