ስለ ጌዴኦ ምእመናንና ስለ ጥምቀታቸው

በኢትዮጵያ ደቡብ፥ ከአባያ ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ባለው ተራራማ አገር፥ ጌዴኦ የሚባል ሕዝብ ይኖራል። ቀድሞ በመንግሥት መዝገብ ደራሳ ይባል ነበር። ትልቁ ከተማ ዲላ ነው፤ ሬኮም ከዲላ በስተ ደቡብ ከዚሁ አገር ትገኛለች። ሕዝቡ እንሰትንና ቡናን በአንድ ማሳ፥ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይተክላል። ከእንሰቱ ቆጮ ይበላል፤ ቡናውን ሸጦ ልብሱንና ግብሩን ያገኛል።

የጌዴኦ አባቶች ሁሉን የፈጠረ አንድ አምላክ እንዳለ ያውቁ ነበር፤ ስሙንም ማጌኖ ይሉታል። ነገር ግን ሚስዮናውያን እንደ ጻፉት፥ ማጌኖ እጅግ ሩቅ ነው ብለው ስለሚያስቡ፥ ብዙዎቹ መሥዋዕታቸውን የሚያቀርቡት ለሚፈሩት ለክፉው መንፈስ ነበር። የሚያመሰግኑት አንዱን፥ የሚገብሩለት ሌላውን ሆነ። በዚህ ዓይነት መኖር ለሰው ልብ ከባድ ሸክም ነው።

በዚያ ዘመን በዲላ ወራሳ ዋንጌ የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ወራሳ፦ ማጌኖ ሆይ፥ ራስህን ለሕዝቤ ግለጥ፥ ብሎ ይለምን ነበር ይባላል። ከዚያም በራእይ ሁለት ነጮች በከተማው አጠገብ ካለ ታላቅ የሾላ ዛፍ ሥር ድንኳን ሲተክሉ፥ በኋላም ጣራቸው የሚያበራ ቤቶች ሲሠሩ አየ። እርሱም የገዛ ቤቱን ምሰሶ ነቅሎ፥ ተሸክሞ ወስዶ፥ በእነዚያ ቤቶች አጠገብ ሲተክለው ራሱን ተመለከተ። ለጌዴኦ ሰው የቤቱ ምሰሶ የሕይወቱ ምልክት ነውና፥ ወራሳ የነገሩን ትርጓሜ ለመረዳት ጠንቋይ መጠየቅ አላስፈለገውም። እንደሚነገረውም 8 ዓመት ጠበቀ።

በ1941 ዓመተ ምሕረት በበጋ አልበርት ብራንትና ግሌን ኬይን የሚባሉ ሁለት ሚስዮናውያን በአሮጌ የጭነት መኪና ወደ ዲላ መጡ። ፀሐዩ ስለ በረታባቸው ጥላ ፈለጉ፤ ከሾላውም ሥር ድንኳናቸውን ተከሉ። በኋላም ቆርቆሮ የለበሱ ቤቶች ሠሩ። ወራሳም ከመጀመሪያዎቹ አማኞች አንዱ ሆነ። ይህ ታሪክ በብዙ አገር ተነግሯል፤ የሚሰማው ሁሉ ይወደዋል። ነገር ግን ራእይ ብቻውን ማኅበርን አያቆምም። ማኅበሩን ያቆመው ከዚያ በኋላ የመጣው የብዙ ዓመት ማስተማርና መማር ነው።

ሁለቱ ሰዎች የመጡት ሱዳን ኢንቲሪየር ሚስዮን ከሚባለው ማኅበር ነበር። የዚህ ማኅበር ሰዎች በሐኪሙ በቶማስ ላምቢ መሪነት ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በ1920 ዓመተ ምሕረት ነው። በዚያው ዓመት በበቅሎ ወደ ደቡብ ወርደው በወላይታ፥ በሆሳዕናና በሲዳሞ ተቀመጡ። በወላይታ ብዙ ደክመው፥ በ1926 ዓመተ ምሕረት 10 ሰዎች ብቻ አጠመቁ። በ1929 ዓመተ ምሕረት ኢጣልያኖች ሚስዮናውያኑን ከወላይታ ሲያስወጡ የተጠመቁት 48 ያህል ነበሩ። የሄዱት ሚስዮናውያን፦ ይህች ትንሽ ማኅበር ያለ መምህር እንዴት ትኖራለች? ብለው አዘኑ። ምእመናኑ ታሰሩ፥ ተገረፉ፥ ጸሎት ቤታቸውም ፈረሰ። ጠላት ከአገር ወጥቶ መምህራኑ ሲመለሱ ግን 10,000 ያህል ምእመናን አገኙ።

እንሰት የሚተክል ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። እናቲቱ እንሰት ከመሬት አጠገብ ትቈረጣለች፤ ልቧም ተፍቆ ይወጣል፤ በጕድጓዱ ዐፈርና ፍግ ተሞልቶ ትቀበራለች። ለማያውቅ ሰው የሞተች ይመስለዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ከዚያች ከአንዲቱ ሥር ብዙ ችግኝ በዙሪያዋ ይበቅላል።

ከወላይታ ምእመናን ብዙዎች ጓዛቸውን ተሸክመው ወደ ሌላው ሕዝብ ለማስተማር ሄዱ፤ ቋንቋው ሌላ፥ ምግቡም ሌላ ነበር። መንግሥትም በ1936 ዓመተ ምሕረት ባወጣው ደንብ ሚስዮኖች የሚሠሩበትን አገር ለየ፤ የትምህርቱም ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዘዘ። ስለዚህ ለብዙ የጌዴኦ ምእመን እምነትና ፊደል አብረው መጡ። ሽማግሌው ከልጁ ጋር ሀ ሁ ይቈጥር ነበር፤ ልጁም ብዙ ጊዜ ይቀድመዋል።

እነዚህ ማኅበሮች በኋላ ቃለ ሕይወት ተባሉ። ባፕቲስት አይባሉም፤ ነገር ግን በጥምቀት ነገር ከባፕቲስቶች ጋር ይስማማሉ። ባፕቲስቶች የተነሡት ከእንግሊዝ ተሰደው በአምስተርዳም ከተማ ከተቀመጡ ጥቂት ሰዎች መካከል ነው፤ ዘመኑም በኤውሮፓ አቈጣጠር 1609 ነበር። ከእነርሱ አንዱ ቶማስ ሄልዊስ ወደ ለንደን ተመልሶ፥ ንጉሥ በሰው ነፍስ ላይ ሥልጣን የለውም ብሎ ስለ ጻፈ ታስሮ በወህኒ ቤት ሞተ። የተናገረውም ለወገኖቹ ብቻ አልነበረም፤ እምነቱ ከእርሱ የተለየ ሰው ሁሉ እንዳይገደድ ለመነ።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ትጠመቃለች። የጌዴኦ ቃለ ሕይወት ምእመናን ግን ሕፃኑን ወደ ማኅበሩ አምጥተው ይጸልዩለታል እንጂ አያጠምቁትም። ምክንያታቸውም እምነት እንደ ቡና ማሳ ከአባት አይወረስም የሚል ነው። ስለዚህ ነገር ሲጠየቁ በሐዋርያት ሥራ የተጻፈውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ ያነሣሉ፤ እርሱ መጽሐፍ እያነበበ ሲሄድ ከፊልጶስ ተምሮ፥ አምኖ፥ ውኃ ባየ ጊዜ ጥምቀትን በራሱ አፍ ጠይቋልና።

በማኅበሩ ላይ የሚሾም ንጉሥም ጳጳስም የለም፤ ምእመናኑ የመረጧቸው ሽማግሌዎች ያስተዳድራሉ። አስተማሪውንም የሚደግፉት ምእመናኑ ራሳቸው ናቸው፤ ይህም ሚስዮናውያን ቢሄዱ እንኳ ቤቱ እንዳይፈርስ ነው። ደርግ በነገሠበት ዘመን በደቡብ አገር ብዙ ጸሎት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፥ የዚህ ልማድ ጥቅም ታየ። ምእመናኑ በየቤታቸው ጥቂት ጥቂት ሆነው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጸለዩ፤ ከ1983 ዓመተ ምሕረት በኋላም በሮቹ ሲከፈቱ ማኅበሩ እንደ ነበረ ተገኘ።

ጥምቀት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ይማራል፤ ሽማግሌዎችም ስለ እምነቱና ስለ ኑሮው ይመረምሩታል። የተጣላውን እንዲታረቅ፥ ስካርንና ጥንቈላን እንዲተው ይነገረዋል። ከዚያ በኋላ ወደ ውኃ ይወርዳል፤ ዘመዶቹም ጎረቤቶቹም በዳር ቆመው ያያሉ። አምነህ ነውን? ተብሎ ሲጠየቅ፥ አባቱ ወይም እናቱ ስለ እርሱ ሊመልሱለት አይችሉም፤ ራሱ ይመልሳል፤ ሁለንተናውም በውኃ ውስጥ ገብቶ ይወጣል። መልሱ ገና ያልደረሰለት ልጅ፥ የሽማግሌ ልጅም ቢሆን፥ ከእኩዮቹ ጋር በዳር ቆሞ ይመለከታል፤ ማንም አያስቸኵለውም።