በድርጅት ስም ኢ-ሜይል መላክና መዘዙ

በኢ-ሜይል ፕሮፎርማ የሚልኩ ነጋዴዎች ደብዳቤያቸው ከያሁ ወይም ከጂሜይል ሳይሆን ከድርጅታቸው አድራሻ የመጣ ሆኖ እንዲታይ ይፈልጋሉ። የላኪውን አድራሻ መቀየር ቀላል ነው። ችግሩ ያለ ፈቃድ የተቀየረ እንደሆነ ደብዳቤው ደንበኛው ዘንድ ሳይደርስ መቅረቱ ነው፤ ያን ጊዜ ሽያጩ ለሌላ ይሄዳል።

ኢ-ሜይል ሁለት የላኪ አድራሻዎች አሉት። አንደኛው በፖስታ ጀርባ እንደሚጻፈው ሲሆን ደብዳቤው ቢመለስ የሚሄድበትን ያሳያል። ሁለተኛው በደብዳቤው ራስጌ እንደሚታተመው የድርጅት ስም ነው፤ ተቀባዩ የሚያነበው ይህንኑ ነው። የመላኪያው ደንብ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ የተጻፈው ስም የላኪው መሆን አለመሆኑን የሚያጣራበት መንገድ አልነበረውም። አጭበርባሪዎችም በዚሁ ገቡ። በአቅራቢ ስም «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» ብሎ ክፍያን ማዞር የታወቀ ዘዴ ሆነ። በዚህና በመሰል የንግድ ኢ-ሜይል ማጭበርበር ጠፋ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2023 ለአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. የተመዘገበው ገንዘብ 2.9 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነው።

ዛሬ ተቀባዩ ሰርቨር ያጣራል። ኤስ.ፒ.ኤፍ. የሚባለው መዝገብ በዶሜኑ ስም መላክ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል፤ ዲኪም እንደ ማኅተም ነው፤ ዲማርክ ደግሞ እነዚህ በራስጌው ካለው ስም ጋር ካልተስማሙ ምን እንደሚደረግ ይወስናል። ያሁ እ.ኤ.አ. በ2014 በስሙ ከሌላ ሰርቨር የሚመጣ ደብዳቤ ውድቅ እንዲሆን አስታወቀ። ስለዚህ ከድረ ገጹ ወይም ከሒሳብ ሶፍትዌሩ በያሁ አድራሻ ኢንቮይስ የሚልክ ድርጅት ደብዳቤው እንደሚደርስለት መተማመን አይችልም። ጉግልም እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ወደ ጂሜይል የሚልክ ሁሉ ቢያንስ ከኤስ.ፒ.ኤፍ. ወይም ከዲኪም አንዱን እንዲያሟላ፣ በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ የሚልክ ደግሞ ሦስቱንም እንዲያሟላ ይጠይቃል።

መፍትሔው የራስን ዶሜን ገዝቶ ሦስቱን መዝገቦች ማስገባት ነው። በጂሜይል መቀጠል የሚሻም በ«ሴንድ ሜይል አዝ» በኩል የድርጅቱን አድራሻና የራሱን መላኪያ ሰርቨር ያስገባል፤ ጂሜይል ወደዚያው አድራሻ የማረጋገጫ ኮድ ይልካል። የተፈለገው መልሱ ሌላ ቦታ እንዲደርስ ብቻ ከሆነ ግን ላኪውን መንካት አያስፈልግም፤ «ሪፕላይ ቱ» የሚለውን መሙላት ይበቃል። ውጤቱን ለማየት ወደ አንድ ጂሜይል ልኮ «ሾው ኦሪጂናል» የሚለውን መክፈት ነው፤ በሦስቱም ፊት «ፓስ» መነበብ አለበት።

በአንድ ፊደል ብቻ የሚለይ ዶሜን የገዛ አጭበርባሪም ግን ይህን ማጣሪያ ያልፋል፤ ዶሜኑ የራሱ ነውና። የሒሳብ ቁጥር ለውጥ ሲመጣ አስመጪው በቀድሞው ውል ላይ በሰፈረው ስልክ ደውሎ ያረጋግጣል እንጂ በኢ-ሜይሉ ላይ ወደተጻፈው አይደውልም።