የናፍጣ ጭስን በማጣሪያና በካታሊስት መቆጣጠር፦ መሣሪያው ብቻውን ለምን አይበቃም?

መግቢያ

የናፍጣ ሞተር ነዳጅ በመቆጠብና ከባድ ጭነት በመጎተት ተመራጭ ቢሆንም፣ ከጭስ ማውጫው የሚወጡት ጥላሸትና ናይትሮጅን ኦክሳይድ የከተማን አየር ክፉኛ ይበክላሉ። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር የሚገኘው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል። ይህ ጽሑፍ ጭሱን የሚያጸዱ መሣሪያዎች እንዴት እንደሚሠሩና ሥራቸው በምን ላይ እንደሚመሠረት ያብራራል።

የመሣሪያዎቹ አሠራር

የቤንዚን መኪና ካታሊስት ዋና ዋናዎቹን በካይ ጋዞች በአንድነት የሚያጸዳው አየርና ነዳጅ በተመጣጠነ ልክ ሲቃጠሉ ነው። የናፍጣ ሞተር ግን በትርፍ አየር ስለሚሠራ፣ በጭሱ ውስጥ የሚቀረው ኦክስጅን ናይትሮጅን ኦክሳይድን ወደ ናይትሮጅን ለመመለስ እንቅፋት ይሆናል። ስለዚህ ሥራው ለሦስት ክፍሎች ይከፋፈላል።

የመጀመሪያው የኦክሲዴሽን ካታሊስት ነው። በላዩ የተቀቡት ፕላቲነምና ፓላዲየም ካርቦን ሞኖክሳይድንና ያልተቃጠለ ሃይድሮካርቦንን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይለውጣሉ፤ ከናይትሪክ ኦክሳይዱም ከፊሉን ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ያደርጉታል።

ሁለተኛው የጥላሸት ማጣሪያ ነው። ይህ እንደ ማር እንጀራ በቀጫጭን ቦዮች የተከፋፈለ የሴራሚክ አካል ሲሆን፣ ጎን ለጎን ያሉት ቦዮች በተቃራኒ ጫፎቻቸው የተደፈኑ ናቸው። ጭሱ ለመውጣት የግድ በግድግዳው ረቂቅ ቀዳዳዎች ማለፍ አለበት፤ ጥላሸቱም በዚያው ይቀራል። ጤናማ ማጣሪያ ከቅንጣቶቹ ክብደት ከ90 በመቶ በላይ ይይዛል።

ሦስተኛው በዩሪያ የሚታገዝ ካታሊስት ነው። ገበሬው በማዳበሪያነት የሚያውቀው ዩሪያ፣ በንጹሕ ውሃ በ32.5 በመቶ መጠን ተሟሙቶ በትኩሱ ጭስ ላይ ሲረጭ አሞኒያ ይሰጣል፤ አሞኒያውም በካታሊስቱ ላይ ናይትሮጅን ኦክሳይድን ወደ ናይትሮጅንና ውሃ ይለውጠዋል።

ሙቀትና ድኝ

በማጣሪያው የተጠራቀመው ጥላሸት በየጊዜው መቃጠል አለበት፤ ካልሆነ ማጣሪያው ይደፈናል። ጥላሸት በኦክስጅን ብቻ ለመቃጠል ወደ 600 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል። ከካታሊስቱ የሚመጣው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ሲታከልበት ግን ከ250 እስከ 400 ዲግሪ ባለው ሙቀትም ቀስ በቀስ ይቃጠላል። ሀገር አቋራጭ የጭነት መኪና ይህን ሙቀት ያገኛል፤ በከተማ መጨናነቅ ውስጥ እየቆመ የሚነሳ ተሽከርካሪ ግን በቀላሉ አያገኝም።

ሌላው እንቅፋት በናፍጣው ውስጥ ያለው ድኝ ነው። ድኙ ተቃጥሎ የሚፈጠረው ጋዝ የካታሊስቱን ገጽ በመያዝ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የማመንጨት አቅሙን ያዳክማል፤ ከዚያም አልፎ ራሱ ወደ ሰልፌት ቅንጣት ይለወጣል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በተሽከርካሪ ናፍጣ ውስጥ ያለው ድኝ በሚሊዮን ከ10 እጅ እንዳይበልጥ የደነገገው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ለእኛ ያለው ትርጉም

ለንጹሕ ነዳጅ የተሠራ ተሽከርካሪ ድኝ የበዛበት ናፍጣ ሲሞላ ማጣሪያው ቶሎ ይደፈናል፤ ሞተሩም ጉልበት ያጣል። በዚህ ጊዜ ለባለንብረቱ ቀላሉ መፍትሔ ማጣሪያውን አስወጥቶ ባዶ ቱቦ ማስበየድ ነው። መኪናው ጉልበቱ ይመለስለታል፤ ጥላሸቱን ግን መንገደኛው ይተነፍሰዋል።

ስለዚህ ቅድሚያ የሚሰጠው ለነዳጁ ጥራት ነው። ኢትዮጵያ የተጣራ ነዳጅ ከውጭ የምትገዛ በመሆኗ፣ የድኙን መጠን ለመወሰን ማጣሪያ ፋብሪካ ማደስ አይጠበቅባትም፤ ወሳኙ የግዥ ውሉ ላይ የሚሰፍረው የጥራት መለኪያ ነው። በእርግጥ የነጠረው ነዳጅ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ሆኖም ያለ እርሱ መሣሪያው የሚወጣበት ገንዘብ ከንቱ ይቀራል። ቀጥሎ ዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራ የጭሱን ጥቁረት ከመለካት ባሻገር ማጣሪያው በቦታው መኖሩን ማረጋገጥ ይኖርበታል። ነዳጁ፣ መሣሪያውና ቁጥጥሩ ካልተባበሩ በመኪናው ሰነድ ላይ የተጻፈው የልቀት ደረጃ ከወረቀት አያልፍም።