የቀፎው እስረኛ

የደንቢያ ገበሬ መጤ ጠላት ምን እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ የሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ ነዋሪ ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅል ኖሯል። አረሙ በተወለደበት በደቡብ አሜሪካ ግን የሚበሉት ነፍሳት አብረውት ስላሉ እንዲህ አይፈነጭም። የዚህ ታሪክ ግልባጭ እዚያው ደንቢያ፣ ኮላ ድባ ጓሮ ከተሰቀለው ቀፎ ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ የአፍሪካ ተወላጅ የሆነ አንድ ጥንዚዛ ባሕር ተሻግሮ ለሌሎች እምቦጭ ሆኖባቸዋል።

ትንሹ የቀፎ ጥንዚዛ ይባላል፤ ሳይንሳዊ ስሙ ኤቲና ቱሚዳ ነው። ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ሲወጣ ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ እየዋለ እያደረ ይጠቁራል። ቀፎ ሲከፈት ብርሃኑን ሸሽቶ ወደ ጥጋጥጉ ይሮጣል።

ጉዳቱ በዋናነት የሚመጣው ከልጆቹ ነው። እናቲቱ የንብ እግር በማይደርስበት ስንጥቅ እንቁላሏን ትጥላለች። በ2 እና በ4 ቀን መካከል የሚፈለፈሉት ትሎች ማሩን፣ የአበባ ዱቄቱንና የንቡን እጭ እየበሉ የማር እንጀራውን ይበሳሱታል። ከኩሳቸው ጋር የሚገባው እርሾ ማሩን ያቦካዋል፤ አረፋ ደፍቆ እየተንጠባጠበ የበሰበሰ ብርቱካን ይሸታል። እንዲህ ያለውን ማር ሰው አይበላው፣ ንብም አትመለስበት። ትሉ ሲጠግብ ከቀፎው ወርዶ አፈር ውስጥ ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ጥንዚዛ ሆኖ ይወጣል። አፈሩ ደረቅ ከሆነ ግን አይሆንለትም። ስለዚህ የበጋው ደረቅ መሬት ለአናቢው ያግዛል፣ የክረምቱ ርጥበት ለጥንዚዛው።

ታዲያ የአፍሪካ ንብ እንዴት ኖረችበት? ጥንዚዛውን መንደፍ ከንቱ ድካም ነው፤ ሲነካ እንደ ኤሊ እግሩንና ራሱን ሰብስቦ ያደፍጣል። በደቡብ አፍሪካ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት መልሱን አሳየ፦ ንቦቹ ያስሩታል። ጥንዚዛዎቹን ወደ ጥግ ነድተው ከዛፍ ባመጡት ሙጫ ዙሪያውን ያጥሩባቸዋል፣ በሩ ላይም ዘብ ይቆማሉ። እስረኛው ግን አይራብም። በአንቴናው የጠባቂዋን አፍ ሲዳብሳት እህቷ የለመነቻት መስሏት ታጎርሰዋለች። ከጥንዚዛው ገመና ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ በማታለል የተገኘ ጉርሻ ነው።

ከዚህም ሌላ የአፍሪካ ንብ እንቁላሉንና ትሉን ለቅማ ትጥላለች፤ ካልቻለች ቀፎውን ጥላ ትኮበልላለች። የአውሮፓ ዝርያዋ ንብ እንዲህ አልተካነችም። ጥንዚዛው እ.ኤ.አ. በ1998 ፍሎሪዳ ላይ ሲታወቅ ብዙ ቀፎ አወደመ፤ በ2014 ጣሊያን ካላብሪያ ሲገኝ የተጠቃው ቀፎ ሁሉ ይቃጠል ተባለ። የእኛ ንብ ግን የአፍሪካ ናት። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ራሷን የቻለች ንዑስ ዝርያ ናት ብለው የሰሜን ተራሮችን በሚያስታውስ ስም አፒስ ሜሊፈራ ሲመንሲስ አሏት።

ይህ ማለት ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ማለት አይደለም። ጥንዚዛው የሚያሸንፈው የተዳከመውን መንጋ ነው። አደይ አበባና ኑግ ረግፎ ማሩ ከተቆረጠ በኋላ ለንቡ ስንቅ አለመተው ለጥንዚዛው በር መክፈት ነው፤ አበባ በሚጠፋበት ወቅትም በሶና የስኳር ውሃ ያስፈልጋል። በዘመናዊ ቀፎ ላይ ታችኛው ሳይሞላ ሁለተኛ ሣጥን መደረብ ጠባቂ የሌለው ሰፈር መስጠት ነው። ባህላዊውን ቀፎ ስንጥቁን በእበት መምረግ፣ የተቆረጠውን ማር ሳያሳድሩ ማጣራት፣ አሮጌውን ሰፈፍ ወዲያው ማቅለጥ ያዋጣል። ከቀፎው የወንፊት ወለል በታች የምግብ ዘይት ያለበት ዝርግ ዕቃ ቢቀመጥ ሸሽቶ የወረደው ጥንዚዛ ይሰምጥበታል። መርዝ መርጨትን ግን አልመክርም፤ ጥንዚዛ የሚገድል ንብም ይገድላል፣ ሰሙ ውስጥም ይቀራል።

እስካሁን ያልኩት ስለ ትንሹ ነው፤ ትልቁ የቀፎ ጥንዚዛ የሚባለው ግን ጠባዩ ሌላ ነው። እሱ ራሱ ገብቶ እጭ ይበላል፤ የሚራባው በከብት ፍግ ውስጥ ስለሆነ ቀፎን ከፍግ ክምር ማራቅ ይበጃል። መግቢያውን ንብ ብቻ እንድታልፍ አድርጎ ማጥበብም ያስቀረዋል።

ቀፎን በየጊዜው መነካካትም ጥሩ አይደለም። እንጀራው በተነቀለ ቁጥር የሙጫው አጥር ይፈርሳል፣ ንቦቹ ስንት ቀን የጠበቋቸው እስረኞችም በአንድ አፍታ ይበተናሉ።