ኮቪልያ፦ የተራራ ከተማና የገጠር ማረፊያዎቿ

ፖርቱጋል ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ባሕር ይሮጣል። ለውቅያኖሱ ጀርባውን ሰጥቶ ከሊዝበን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሦስት ሰዓት ያህል የነዳ ሰው ግን ሌላ ፖርቱጋል ያገኛል፤ የግራናይት ቋጥኝ፣ የበግ መንጋ፣ የተዘጋ የሱፍ ፋብሪካ፣ በብርዱ ወራት ደግሞ በረዶ ያለበት ደጋ። ተራራው ሴራ ዳ እሽትሬላ ይባላል። በምሥራቃዊ ዳገቱ ላይ የተሠራችው ከተማ ኮቪልያ ናት። ከታች ሆነው ሲያዩዋት ጣሪያው በጣሪያ ላይ ተደራርቦ ይታያል፤ ከቤት ወደ ገበያ መሄድ ራሱ ወይ መውጣት ነው ወይ መውረድ። ይህ ጽሑፍ ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ በመንደርና በእርሻ መካከል ባለ የገጠር ሆቴል ጥቂት ቀን ለማረፍ ለሚያስብ ሰው ነው።

የከተማዋ ስም ታሪክ ላነበበ ኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። የፖርቱጋሉ ንጉሥ ዳግማዊ ዡዋዎ እ.ኤ.አ. በ1487 ወደ ምሥራቅ የላከው ፔሮ ዳ ኮቪልያ የዚህች ከተማ ልጅ ነው። ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው ነበርና ነጋዴ መስሎ በካይሮና በኤደን አልፎ ሕንድ ደረሰ። ወደ ኢትዮጵያ እንዲሄድ ታዝዞ የነበረው ባልደረባው አፎንሶ ደ ፓይቫ ካይሮ ላይ መሞቱን ሲሰማ፣ የሟቹን ተልእኮ በራሱ ላይ ደርቦ በ1490ዎቹ መጀመሪያ፣ በዐፄ እስክንድር ዘመን ኢትዮጵያ ገባ። ከዚያ አልወጣም። ነገሥታቱ በክብር ያዙት፤ ርስት ተሰጠው፤ አግብቶ ወለደ፤ የመመለሻ ፈቃድ ግን አላገኘም። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ዐፄ ልብነ ድንግል ዘንድ ሲመጡ ቋንቋውንም የቤተ መንግሥቱንም ወግ ያስረዳቸው እርሱ ነው። ታሪኩን ከራሱ አንደበት ሰምቶ የጻፈው አብሯቸው የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነበር። ሐውልቱ ዛሬ በኮቪልያ ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ቆሟል። ኢትዮጵያ ውስጥ ኖሮ ኢትዮጵያ ውስጥ የቀረ ሰው ነውና ከተማዋን የሚጎበኝ ያገራችን ሰው እዚያ ሳይደርስ ባይመለስ ደስ ይለኛል።

ወደ ማረፊያው እንምጣ። «የገጠር ሆቴል» ማለት ፖርቱጋል ውስጥ ባለቤቱ እንደወደደ የሚለጥፈው ስም አይደለም። በ2008 የወጣው የማረፊያ ቤቶች ሕግ በገጠር እንግዳ የሚቀበሉትን በየዓይነታቸው ለይቷቸዋል። አንደኛው «ካዛ ደ ካምፑ»፣ ማለትም የአካባቢውን አሠራር የጠበቀ የመንደር ቤት ነው። ሁለተኛው «አግሮቱሪዝሙ» የሚባለው ሲሆን የሚሠራ እርሻ ውስጥ ያለ ማረፊያ ነው፤ እንግዳው ከፈለገ ሥራውን ያያል፣ ይሳተፋልም። የእነዚህ የሁለቱ ክፍሎች ከ15 መብለጥ የለባቸውም። ሦስተኛው «ኦቴል ሩራል»፣ በገጠር የተሠራና የአካባቢውን የቤት አሠራር የሚያከብር ሆቴል ነው። ልዩነቱ የወረቀት ብቻ እንዳይመስልዎ። የገጠር ሆቴል ብዙ ጊዜ የእንግዳ መቀበያና ሠራተኛ፣ አንዳንዴም የራሱ ምግብ ቤት አለው። በመንደር ቤት ግን ባለቤቲቱ ቁልፍ አስረክባ፣ ጠዋት ቁርስ አቅርባ ወደ ሥራዋ ልትሄድ ትችላለች። ማታ ደርሶ እራት የሚጠብቅና ዝምታ ፈልጎ የሚመጣ ሰው አንድ ዓይነት ቤት አይስማማቸውም።

እነዚህ ቤቶች በዚህ አካባቢ የበዙበት ምክንያት አለ። ኮቪልያ ለዘመናት የኖረችው በሱፍ ነው። በጉ ከተራራው፣ ውኃው ከተማዋን ሰንጥቀው ከሚወርዱት ካርፒንቴይራና ጎልድራ ከሚባሉት ሁለት ወንዞች ይገኝ ነበር፤ ፋብሪካዎቹም የተደረደሩት በነዚሁ ወንዞች ዳር ነው። በ1764 በሚኒስትሩ በማርኪሽ ደ ፖምባል ዘመን የተቋቋመው የነገሥታቱ የጨርቅ ፋብሪካ ዛሬ የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ የሱፍ ሙዚየም ነው። ገብተው ሲያዩት ጨርቅ ይነከርበት የነበረው ክብ የድንጋይ ጉድጓድና ከሥሩ እሳት ይነድበት የነበረው ምድጃ እንዳለ አለ። ያለፈው ምዕተ ዓመት ሲጋመስ ወጣቱ ወደ ፈረንሳይ ተሰደደ፤ ኋላም ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ መንደሮቹ ሰው አነሳቸው። ከተማዋን ያቆማት ዩኒቨርሲቲው ሲሆን፣ በዙሪያዋ ካሉት የድንጋይ ቤቶች ብዙዎቹን ከመፍረስ ያተረፋቸው ደግሞ እንግዳ መቀበሉ ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቤት የሚያድር ሰው የሚከፍለው ገንዘብ ጣሪያው እንዳይፈርስ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ነው ማለት ይቻላል።

ብዙ ሰው ዕቅዱን የሚጀምረው የቤት ፎቶ በማየት ነው። እኔ የምመክረው መጀመሪያ ወሩን መምረጥ ነው። ይህ ተራራ በየወቅቱ ሌላ አገር ይሆናልና ቤቱ ምንም ያህል ቢያምር በተሳሳተ ወር ከሄዱበት አይጠቅምም።

ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ያሉት ወራት የበረዶ ናቸው። እዚህ ላይ የእኛ ሰው በቁጥር እንዳይታለል። ቶሬ የሚባለው የተራራው ጫፍ ከፍታው 1,993 ሜትር ነው፤ ከአዞረስ ደሴቶች ውጭ ካለው የፖርቱጋል ምድር ከፍተኛው እርሱ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናትና «ይኼ ምን ከፍታ ነው?» ማለት ይቀላል። ነገር ግን ቦታው ከምድር ወገብ እጅግ ርቆ በሰሜን ስለሚገኝ በዚህ ከፍታ በረዶ ይጋገራል፣ ሰው በመንሸራተቻ ይጫወታል፣ ከኮቪልያ ወደ ቶሬ የሚያወጣው መንገድም በረዶ በበዛ ቀን ይዘጋል። ለአዲስ አበባ ብርድ የሚበቃ ጋቢና ሹራብ እዚያ አይበቃም። የፖርቱጋል ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በረዶ ሊያሳዩ የሚወጡት በእነዚህ ወራት፣ በተለይም በካርኒቫል ሰሞን ስለሆነ ያን ጊዜ አልጋ ይጠፋል።

ነሐሴ የተገላቢጦሽ ነው። ቆላው ይነዳል፤ ከፈረንሳይና ከስዊዘርላንድ ለዕረፍት የመጡት ስደተኞች መንደሩን ይሞሉታል፤ በእኛ ነሐሴ 9 ቀን የሚውለው የማርያም በዓላቸው በየመንደሩ በሙዚቃና በርችት ይከበራል። ሞቅ ያለ ነገር ለሚወድ ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ የእሳት ወርም ነው። በነሐሴ 2022 ከኮቪልያ አካባቢ የተነሳው ቃጠሎ የተራራውን የተፈጥሮ ፓርክ አንድ አራተኛ ያህል በላው። የእሳት አደጋ በሚያሰጋበት ቀን ወደ ጫካ መግባት ሊከለከል ስለሚችል በዚህ ወር የሚሄድ ሰው የእግር ጉዞ ዕቅዱን የሚሰርዝበት ቀን ሊኖር እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ ከተራራው በስተደቡብ፣ ፉንዳውን በምትባለው ከተማ ዙሪያ ያሉት የቼሪ ዛፎች በአንድ ጊዜ ነጭ ይለብሳሉ፤ አበባው የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ከዛፉ ማዶ የተራራው ጫፍ ገና በረዶ እንደያዘ ነው። ፍሬው ከሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ እስከ ሰኔ ይለቀማል። በሰኔ በጎቹ በጥንቱ ልማድ ለግጦሽ ወደ ላይ ይወጣሉ። መንጋ የሚጠብቀው ትልቅ ጸጉራም ውሻ የዚሁ ተራራ ዝርያ ነው፤ ከእረኛው ጋር ሲሄድ ደርሶ የሚዳሰስ የቤት ውሻ ስላልሆነ መንጋ ሲያዩ ራቅ ብለው ይለፉ።

ወሩ ከተቆረጠ በኋላ ስለ ቤቱ የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ። የግራናይት ቤት ግድግዳው ወፍራም ነው፤ በሙቀት ወራት ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ በብርድ ግን አንዴ የቀዘቀዘ ድንጋይ ቶሎ አይሞቅም። ፎቶው ላይ የሚታየው የሳሎን ምድጃ ያምራል፤ መኝታ ቤቱንና መታጠቢያ ቤቱን ምን እንደሚያሞቃቸው ግን ፎቶው አይናገርም። ይህን በጽሑፍ ይጠይቁ። ማገዶው በሒሳቡ ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው ይከፈላል? እራት ይቀርባል ወይ? የማይቀርብ ከሆነ የቅርቡ ምግብ ቤት ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ሰኞስ ይከፈታል ወይ? ቁልፉን የሚያስረክብ ሰው እስከ ስንት ሰዓት ይጠብቃል? በምሽት ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ ላይ ቤት መፈለግ አድካሚ ስለሆነ የመጀመሪያውን ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ለመድረስ ያቅዱ። ቅሬታ ከገጠመዎ ደግሞ በፖርቱጋል ሕግ ማንኛውም ማረፊያ የቅሬታ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አለበት፤ እንግዳው ሲጠይቅ የማቅረብም እንዲሁ።

ከእርሻው ይልቅ ተራራው ላይ ማደር የሚሻ ሰው ከኮቪልያ በላይ ያለውን፣ ፖውዛዳ የሚባለውን ሆቴል ይመልከት። ሕንፃው የሳንባ ነቀርሳ ለያዛቸው የባቡር ሠራተኞች የተሠራ ሆስፒታል ነበር፤ ሐኪሞች ለዚያ በሽታ የተራራ አየር ያዙ በነበረበት ዘመን የተሠራ ነው። ለዓመታት ባዶውን ከቆየ በኋላ አርክቴክት ኤድዋርዱ ሶውቱ ደ ሞውራ አድሶት በ2014 ሆቴል ሆኗል።

ስለ ምግብ ረዘም አድርጌ ብናገር ይፈቀድልኝ፤ የዚህ ተራራ ትልቁ ሀብት አይቡ ነውና። የሴራ ዳ እሽትሬላ አይብ ከበግ ወተት ብቻ ይሠራል። ወተቱ የሚረጋው ከእንስሳ ሆድ በሚወጣ መርጊያ ሳይሆን በደረቀ የእሾህ አበባ ነው። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው አበባ ከጨው ጋር ይወቀጣል፣ በውኃ ይዘፈዘፋል፣ በጨርቅ ይጠለልና ለብ ካለው ወተት ጋር ይዋሐዳል። የረጋውን ሴቶች በእጃቸው እየጨመቁ ክብ ቅርጽ ውስጥ ያስገቡታል፤ ከዚያ እንዳይፈርስ ወገቡን በጨርቅ ይታሰርና ቢያንስ 30 ቀን በቀዝቃዛ ክፍል ይበስላል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ ይገላበጣል፣ ይታጠባል። የበሰለው ከውጭ ወርቃማ ቅርፊት ያለው፣ ሆዱ ግን እንደ ማር የሚፈስ ነው። ዋናው የመሥሪያ ወቅቱ ብርዱ ነው፤ የበሰለውን ግን እስከ ግንቦትም ያገኙታል።

ጿሚ የሆነ እንግዳ ግን አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። የቤቱ ቁርስ ዳቦ፣ አይብ፣ ቅቤ፣ የአሳማ ሥጋና የዱባ ማርማላታ ነው፤ ከዚህ ለጾም የሚሆነው ዳቦውና ማርማላታው ብቻ ነው። ያገሩ ሰው ስለ ጾማችን ባያውቅም የወይራ ዘይት፣ ባቄላ፣ ሩዝ፣ ጎመንና ቼስትነት የሚባለው ፍሬ በጓዳው የማይጠፋ ስለሆነ ከሁለት ቀን በፊት ከተነገረው ጥሩ የጾም እራት ይሠራል። ጎመን ሾርባ ሲቀርብ ውስጡ የአሳማ ቋሊማ ሊኖር ይችላልና ክርስቲያኑም ሙስሊሙም «ሴም ካርነ ደ ፖርኩ» ማለትን ይልመድ፤ «ያለ አሳማ ሥጋ» ማለት ነው።

ለማየት ከሚያስቸኩሉት ሁሉ የማስቀድመው ማንቴይጋሽ ከምትባለው ከተማ በላይ ያለውን የዜዜር ሸለቆ ነው። የበረዶ ወንዝ በዘመናት ፈልፍሎት 13 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ፣ ግራና ቀኙ ቀጥ ብሎ መሐሉ ሰፊ የሆነ ሸለቆ ነው፤ መኪናውን አቁመው በእግር ይውረዱበት። ከኮቪልያ በስተሰሜን ምሥራቅ ያለችው ቤልሞንት ደግሞ አይሁድነታቸውን ለምዕተ ዓመታት ደብቀው ያቆዩ ቤተሰቦች የኖሩባት ከተማ ናት። ዛሬ በግልጽ የሚጸልዩበት፣ በ1996 የተመረቀ ምኩራብ አላቸው።

መንገዱ ቀላል ነው። ከሊዝበን ባቡር አለ፤ ወደ አራት ሰዓት ይወስዳል፤ ጣቢያው ከከተማዋ ግርጌ ስለሆነ ወደ ላይ በታክሲ ይወጣል። ከኮቪልያ ወደ ጓርዳ የሚሄደው ሐዲድ ለዓመታት ተዘግቶ ቆይቶ በ2021 ተከፍቷል። ነገር ግን ለገጠር ሆቴል መኪና መከራየት ይሻላል፤ ብዙዎቹ ቤቶች አጠገብ አውቶቡስ አይቆምም። ወደ ኮቪልያ የሚወስደው፣ ኤ23 የሚባለው አውራ ጎዳና ከጥር 2025 ጀምሮ የማለፊያ ክፍያ ቀርቶለታል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሄድ ሰው የሸንገን ቪዛና ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና ዋስትና ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ቦታ ሲይዝ ቪዛ ቢከለከል ያለ ቅጣት የሚሰረዝ መሆኑን ያረጋግጥ። በሸንገን አባል አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ወገናችን ይህ አያስጨንቀውም።

አንድ ጊዜ ብቻ ለመሄድ ዕድል ካለዎ የኔ ምርጫ ግንቦት ነው። የቼሪው አበባ በዐቢይ ጾም ላይ ይውላልና ያን ጊዜ የሄደ ጿሚ አይቡን በዓይኑ ብቻ አይቶ ይመለሳል። በግንቦት ግን ብዙውን ጊዜ በዓለ ሃምሳ ላይ ስለምንሆን ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ ቼሪው ደርሷል፣ ወንዞቹ ሙሉ ናቸው፣ የነሐሴው ሙቀትና ሕዝብ ገና አልመጣም። ሦስት ሌሊት ይያዙ፤ አይቡንም ከሱቅ ሳይሆን ከሚሠሩት ሰዎች እጅ ይግዙ።