«ስል» እና «ቀጥተኛ»

ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት አጭር ቃል፣ ስለ «ስል» ነው።

ቃሉ «ሳለ» ከሚለው ግስ ይወጣል፤ ምንጩም የግእዙ «ሰሐለ» ነው። አማርኛ አብዛኞቹን የጉሮሮ ድምፆች ስለጣለ፣ ይህ ግስ «ሥዕል» ከተገኘበት «ሠዐለ» ጋር በድምፅ አንድ ሆኗል። ስለዚህ ዛሬ ቢላም ሥዕልም «ይሳላል»። «ስለት»ም እንዲሁ የቢላም፣ ከ«ስእለት» የመጣው የተሳይም ነው።

«ስል» ከ«ሹል» ይለያል። እሾህ ሹል ሆኖ ይበቅላል፤ ቢላ ግን የሚስለው ሰው ይፈልጋል። «ስል አእምሮ» ስንልም በትጋት የተሳለውን ማመስገናችን ነው። «ምላሱ ስለታም ነው» ስንል ግን እናስጠነቅቃለን። ሳያቆስል እውነቱን ለሚናገር ሰው ያለን ቃል «ቀጥተኛ» ነው።

እኔ ራሴ ሁለቱን አምታትቻለሁ። በአንድ ተማሪ ረቂቅ ኅዳግ ላይ ቀጥተኛ እርማት የጻፍሁ መስሎኝ ስለታም ቃል አኖርሁ፤ ተማሪው ሁለተኛ ረቂቅ አላመጣም። ቀጥተኛ ቃል ስሕተቱን ያሳያል፤ ስለታም ቃል ጸሓፊውን ይቈርጣል።

እንግዲህ ሂስ ስትጽፉ አእምሯችሁን ሳሉ፤ ቃላችሁን ግን አቅኑ።