ዓይኑን የሰበረ ሁሉ ውሸታም ነው? የመርማሪ ጌሞች እና የእኛው «ተጠየቅ»

አንድ ወጣት ጥያቄ ሲቀርብለት ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቢመልስ ምን ትላላችሁ? አምበርም ሆነ ደብረ ማርቆስ መልሱ ያው ነው፦ ልጁ ጨዋ ነው፣ ታላቅ ያከብራል። ከታወቁት የመርማሪ ጌሞች አንዱ የሆነውን «ኤል ኤ ኑዋር»ን ብትጠይቁት ግን «ይሄ ልጅ የሆነ ነገር ደብቋል» ይላችኋል።

ነገሩ ቀልድ ይመስላል፣ ግን አይደለም። መርማሪ ጌም ስንጫወት ሰው እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ማን እንደሚጠረጠር፣ መቼ «አንተ ነህ!» እንደሚባል እየተለማመድን ነው። ስለዚህ ጌሞቹ የሚያስተምሩንን አንድ በአንድ እንያቸው። መጨረሻ ላይ ደግሞ አያቶቻችን በዚህ ጉዳይ ከብዙ ጌም ሠሪ ቀድመው ያሰቡት ነገር እንዳለ ታያላችሁ።

(የጌሞቹ ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ትንሽ ስፖይለርም አለ።)

🔹 ፊት አንብብ፣ በተን ተጫን

«ኤል ኤ ኑዋር» በ2011 የወጣ ጌም ነው። የሠራው ቲም ቦንዲ የሚባል የአውስትራሊያ ስቱዲዮ ሲሆን ያሳተመው የጂቲኤው ሮክስታር ነው። ታሪኩ በ1947 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው፤ እናንተ ኮል ፌልፕስ የሚባል ፖሊስ ናችሁ።

ጌሙን ዝነኛ ያደረገው ፊት ነው። የተዋንያኑን ፊት በ32 ካሜራ ከየአቅጣጫው ቀርጸው ነው ያስገቡት። ምስክሩ ሲመልስ ታዩታላችሁ፤ ዓይኑ ይንከራተታል፣ ምራቁን ይውጣል፣ ከንፈሩን ይነክሳል። ከዚያ ሦስት ምርጫ ይመጣል፦ እውነት፣ ጥርጣሬ፣ ውሸት። «ውሸት» ካላችሁ ማስረጃ ማቅረብ ግድ ነው። «ጥርጣሬ» ካላችሁ ግን ማስረጃ አያስፈልግም፣ ፊቱን ማየት ይበቃል።

ችግሩም እዚችው ላይ ነው። ተጫዋቹ «እስቲ ትንሽ ልጠራጠር» ብሎ በተኑን ሲጫን፣ ፌልፕስ አንዳንዴ ብድግ ብሎ አንዲት ሐዘንተኛ ሴት ላይ ይጮኻል። ተጫዋቹ ያሰበው ሌላ፣ ገጸ ባሕሪው ያደረገው ሌላ። በ2017 ጌሙ እንደገና ሲወጣ የበተኖቹ ስም ተቀይሮ «ጥሩ ፖሊስ»፣ «መጥፎ ፖሊስ» እና «ክሰስ» ሆነ። ይሄ ቢያንስ ሐቀኛ ነው። በተኑ የምታምኑትን ሳይሆን የምታደርጉትን ይነግራችኋል።

ሌላም ጉድ አለ። ጌሙ መካከል ላይ ያሉት የግድያ ክሶች ውስጥ ለፍታችሁ፣ ጠይቃችሁ፣ ማስረጃ ደርድራችሁ የከሰሳችኋቸው ሰዎች ንጹሐን እንደነበሩ በኋላ ይታወቃል። ምርጫው የእናንተ መሰላችሁ እንጂ ታሪኩ አስቀድሞ ተጽፎ አልቋል።

🔹 ፊት ማንበብ ይቻላል ወይ?

እ.ኤ.አ. በ2006 ቻርልስ ቦንድ እና ቤላ ዴፓውሎ የተባሉ ተመራማሪዎች ስለ ውሸት ማወቅ የተሠሩ ከ200 በላይ ጽሑፎችን ሰብስበው መረመሩ። ጥናቶቹ ላይ ፈራጅ ሆነው የተሳተፉት ሰዎች ከ24 ሺህ በላይ ናቸው። ውጤቱ? ሰው ሌላውን እያየና እየሰማ ብቻ እውነትና ውሸት ሲለይ በአማካይ የሚያገኘው 54 በመቶውን ነው። ሳንቲም ወርውራችሁ ብትገምቱ 50 ታገኛላችሁ። ልዩነቱ 4 ብቻ ነው።

በዚህ ላይ የባህል ልዩነትን ጨምሩበት። እኛ ጋ ዓይን መስበር አክብሮት ነው። ዝግ ብሎ፣ ድምፅን ቀንሶ መመለስም እንደዚያው። ሎስ አንጀለስ ላይ የተቀመረው «የውሸታም ፊት» ጎጃም ሲመጣ የጨዋ ፊት ሆኖ ቁጭ ይላል። ተቃራኒውም እውነት ነው፤ ዓይን ዓይናችሁን እያየ፣ ፈገግ እያለ የሚዋሽ ሰው ጌሙን በቀላሉ ያልፋል።

በጌም ከሆነ ኪሳራው ነጥብ ነው። በእውነተኛው ዓለም ግን እንግሊዝ አገር የሆነውን አስቡት። በ1974 የጊልፎርድ ከተማ መጠጥ ቤቶች በቦምብ ተመቱ። 4 ሰዎች በፖሊስ ጫና «አዎ፣ እኛ ነን» ብለው ፈረሙ። ነጻ የወጡት በ1989 ነው። መርማሪው ጥፋተኛ ናቸው ብሎ ከጀመረ፣ የሚጠይቀው ለማወቅ ሳይሆን ለማሳመን ነው።

🔹 ፊቱን ተውት፣ ቃሉን ያዙት

ሁሉም ጌም ግን እንደዚህ አይደለም። ሌላ መንገድ የያዙ ሁለት ጌሞች አሉ፣ ሁለቱም ስልክ ላይ ይሠራሉ።

አንደኛው የጃፓኑ ካፕኮም በ2001 ያወጣው «ኤስ አተርኒ» ነው። እናንተ ጠበቃ ናችሁ። የምስክሩ ቃል ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ይቀርብላችኋል። በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ነገር ማድረግ ትችላላችሁ፦ «ቆይ እስቲ፣ አብራራልኝ» ብሎ መጫን፣ ወይም ከቃሉ ጋር የሚጋጭ ማስረጃ ማውጣት። ምስክሩ ያልበዋል ወይስ አያልበውም የሚለው ዋጋ የለውም። ቃሉና ማስረጃው ይገጥማሉ ወይ? ጥያቄው ይሄ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ጌም ላይ ደግሞ ያለ ቦታው ማስረጃ አምስት ጊዜ ካወጣችሁ ደንበኛችሁ ይፈረድበታል። ዝም ብሎ መገመት ሰው ያስበላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ሳም ባርሎው በ2015 የሠራው «ኸር ስቶሪ» ነው። ይሄኛው ለየት ይላል። አንድ የቆየ የፖሊስ ኮምፒውተር ፊት ትቀመጣላችሁ። ውስጡ አንዲት ሴት በ1994 ሰባት ጊዜ ስትጠየቅ የተቀረጸ ቪዲዮ ተቆራርጦ አለ። የመርማሪውን ጥያቄ አትሰሙም፣ የእሷን መልስ ብቻ። ቃል ስትጽፉ ያ ቃል ያለባቸው ቪዲዮዎች ይመጣሉ፣ ግን ከመጀመሪያዎቹ አምስት በላይ አያሳያችሁም። ስለዚህ ጥሩ ቃል መምረጥ አለባችሁ። ቃል ለመምረጥ ደግሞ በደንብ መስማት ግድ ነው። አዎም አይደለምም የሚል በተን የለም፤ ጠያቂነት እዚህ ማለት ሰሚነት ነው። (እንግሊዝኛ በደንብ ይፈልጋል፣ እሱን ልብ በሉ።)

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚለውን ተረታችንን ሁለቱም ጌሞች ገብቷቸዋል።

🔹 ከሰሳችሁ፤ እውነቱን ግን ማንም አይነግራችሁም

ምርጫ የሚባለውን ነገር በጣም ያከበደው ደግሞ በ2022 የወጣው የኦብሲዲያን «ፔንቲመንት» ነው። ታሪኩ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመን አገር፣ ባቫርያ ውስጥ አንድ ገዳምና አንዲት መንደር ላይ ነው። አንድ መኳንንት ይገደላል። ሽማግሌ መነኩሴ ይጠረጠራሉ። እናንተ ሠዓሊ ናችሁ፣ ወዳጃችሁን ለማዳን ሌላ ተጠርጣሪ መጠቆም ትችላላችሁ።

ጊዜ ግን አጭር ነው። ከአንዱ ጋር ምሳ ከበላችሁ ሌላውን አታገኙትም። ሁሉንም መጠየቅ አይቻልም። በመጨረሻ በእጃችሁ ባለው ጎዶሎ ማስረጃ አንድ ሰው ትጠቁማላችሁ፣ ያ ሰው ዓይናችሁ እያየ ይሞታል። ጌሙ «ትክክል ነህ» አይልም፣ «ተሳስተሃል» አይልም። ታሪኩ ዓመታት ተሻግሮ ሲቀጥል የሟቹ ዘመዶችና ጎረቤቶች እዚያው ናቸው፣ ያደረጋችሁትንም አልረሱም።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ደስ የሚል ነገር አለበት። ወደ መንደሯ በእንግድነት የመጣ ስብሐት የሚባል ኢትዮጵያዊ ካህን ጌሙ ውስጥ አለ። ሲተርክ የጌሙ ስዕል ራሱ ወደ እኛ የብራና ሥዕል ይቀየራል።

የፔንቲመንት ትምህርት አንድ ነው፦ ምርጫ ምርጫ የሚሆነው ዋጋ ሲኖረው ነው። ሎድ ተደርጎ የሚታጠብ ክስ ክስ አይደለም።

🔹 አሁን ወደ ቤታችን

ክስ ዋጋ ሊኖረው ይገባል የሚለውን ሐሳብ አያቶቻችን በደንብ ያውቁት ነበር። በድሮው ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ አደባባይ ወይም ዛፍ ሥር ቆመው በአንደበታቸው ይከራከሩ ነበር። «በላ ልበልሃ» የሚባለው ይሄ ነው። አንዱ «ተጠየቅ!» ይላል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ሰው ከቦ ይሰማል። እንደ ጌም ብናየው ሕጎቹ እነዚህ ናቸው፦

▪️ ውርርድ። «ይሄ ነገር እውነት ነው» ያለ ሰው ማር፣ ፈረስ ወይም በቅሎ ይወራረዳል። ቃሉ ካልጸና ይከፍላል። በባዶ አፍ መጠርጠር የለም።

▪️ ቁራኛ። ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ልብሳቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ አብረው ይሄዳሉ። የከሰሰም ታስሯል ማለት ነው! ከሳሽ ነጻ ሆኖ ተከሳሽ ብቻ የሚጎተትበት ጨዋታ አልነበረም።

▪️ አውጫጭኝ። አፈርሳታም ይባላል። ሌባው ወይም ገዳዩ ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው በሙሉ ይሰበሰባል፣ የቀረ ይቀጣል። እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን ይጠየቃል። በይፋ መመስከር የፈራ ሰው በስውር ይነግራል፣ ወሬው «ወፍ ነገረችኝ» ተብሎ ይወጣል። ጥፋተኛው ካልተገኘ ካሳውን ሁሉም ያዋጣል።

ሁሉም ግን የሚያኮራ ነበር እያልኩ አይደለም። አውጫጭኝ ገበሬውን ከእርሻው ያስቀር ነበር፣ ወፏም ቂም ይዛ ልትመጣ ትችላለች። «ሌባ ሻይ» የሚባለው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። አንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ጠጥቶ፣ ወገቡን በገመድ ታስሮ ይለቀቃል። እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ይሄ ምርመራ ሳይሆን ዳይስ መወርወር ነው። የሰው ፊት አይቶ «ጥርጣሬ» የሚለውን በተን ከመጫንም ብዙ አይርቅም።

🔹 እስቲ አንድ ጌም እናስብ

ቅኔ ጌምስ በ«ኩኩሉ» እና በ«ገበታ» የእኛ ጨዋታና ሕይወት ስልክ ላይ ሊገባ እንደሚችል አሳይቶናል። መርማሪ ጌም ግን ከእኛ ምድር ቢወጣ ምን ይመስላል?

አምበር አካባቢ አንድ የጥማድ በሬ በሌሊት ጠፋ እንበል። እናንተ ዳኛ ናችሁ። አገሬው ተሰብስቧል፣ 20 ሰው። ሰው እየቆየ በሄደ ቁጥር ጤፉ ሳይታጨድ ይውላል፣ አገሬውም ይከፋባችኋል፤ ስለዚህ የምትጠይቁት ጥያቄ የተቆጠረ ነው። ሦስት ወፎች መጥተዋል፣ አንዷ ውሸታም ናት። ሰው ለመክሰስ በቅሏችሁን ትወራረዳላችሁ። ከከሰሳችሁ በኋላ ቁራኛ ስለሆናችሁ ሌላ ሰው ዘንድ ሄዳችሁ መጠየቅ አትችሉም። ወጣቱ ዓይኑን ይሰብራል፤ ይሄ ምንም ማስረጃ አይደለም። አረጋዊው በሰምና ወርቅ ይናገራሉ፤ ሰሙን ብቻ ከሰማችሁ ተሸወዳችሁ። ተሳስታችሁ ከፈረዳችሁም ጌሙ አያልቅም። በሚቀጥለው ዓመት ያው ሰው ጎረቤታችሁ ነው፣ ዕድር ላይ ትገናኛላችሁ።

32 ካሜራ አይፈልግም። ጥሩ ጸሐፊ ይፈልጋል።

🔹 ከጌሙ ስንወጣ

የአገራችን ሕግ ስለ ምርመራ የሚለውን ማወቅ ለሁላችንም ይጠቅማል። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት እንዳለው፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት፣ ተገድዶ የሰጠው ቃልም ተቀባይነት እንደሌለው ይደነግጋል። አንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት አለው ይላል። በ1954 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በቁጥር 31 ፖሊስ ቃል ለማውጣት ማስፈራራትንም ሆነ ማባበልን ከልክሏል። «መጥፎ ፖሊስ» የሚለው በተን በወረቀት ላይ የለም ማለት ነው።

ግን ስለ ፖሊስ ብቻ አናውራ። እኛም በየቀኑ መርማሪ ነን። አንድ ፎቶ ወይም የ15 ሰከንድ ቪዲዮ ይመጣል፣ ሥሩ «ፊቱን እዩት፣ እሱ ነው!» የሚል ኮሜንት በመቶ ይደረደራል። ማንም በቅሎ አልተወራረደም፣ ማንም ቁራኛ አልታሰረም። ሰውየው ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ ኮሜንቱን ዴሊት አድርገን እንሄዳለን። እሱ ግን ሎድ የሚያደርገው ሴቭ የለውም።

በሚቀጥለው «ክሰስ» የሚለውን በተን ስትጫኑ፣ ጌም ላይም ይሁን ፌስቡክ ላይ፣ አንድ ጥያቄ ቀድማችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ተሳስቼ ቢሆን የምከፍለው ምንድን ነው? መልሱ «ምንም» ከሆነ እጃችሁን ሰብስቡ፣ እንደገና ጠይቁ።

እናንተስ የቱን መርማሪ ጌም ተጫውታችኋል? ንጹሕ ሰው ከሳችሁ ታውቃላችሁ? ኮሜንት ላይ አውጫጩን። 👇